የመለማመጃ ብር
የባንክ ሠራተኞች መለማመጃ ሶፍትዌር ከዋናው ሲስተም የተነጠለ ቅጂ ነው። ገጹም ቁልፎቹም፣ የስህተት መልእክቶቹ ሳይቀሩ፣ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የደንበኞቹ ስምና ሒሳብ ግን የፈጠራ ነው። አዲስ ካሸር 5,000 ብር ተቀብሎ አንድ ዜሮ ቢጨምርና 50,000 ብሎ ቢመዘግብ የማንም ገንዘብ አይነካም። ጥሩ አሠልጣኝ ወዲያው አያርመውም። የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ 45,000 ብር ይጎድላል፤ ካሸሩ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ስረዛ ይጠይቃል፣ ኃላፊው ያጸድቃል። ይህን የመሰለ ድንጋጤ መመሪያ በማንበብ አይገኝም። ልምምዱ ሲያበቃ ቅጂው ወደ መነሻው ይመለሳል። መመሳሰሉ ግን የራሱ አደጋ አለው፦ ሠራተኛው በመለማመጃው ላይ ያለ መስሎት ዋናውን ሲስተም ሊነካካ ይችላል። ለዚህም ሲባል የመለማመጃው ገጽ ብዙ ጊዜ የተለየ ቀለም ይሰጠዋል። የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ ደግሞ ወደዚያ ቅጂ ጨርሶ መግባት የለበትም።