ግንደ ቆርቁር የሚልጠው ዛፍ



በጓሮው ዛፍ ላይ ግንደ ቆርቁር ደጋግሞ ሲያርፍ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወፉን ይከሳል። እኔ ዛሬ ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኜ ቆሜአለሁ።

ማስረጃዬ ከሰሜን አሜሪካ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይት አካባቢ፣ አሽ የተባሉትን ዛፎች የሚገድል አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘ። ከእስያ የመጣ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም አግሪለስ ፕላኒፔኒስ ይባላል። ኋላ የሞቱት ዛፎች የዕድገት ቀለበት ሲመረመር፣ ጢንዚዛው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በስፍራው እንደ ነበረ ታወቀ። ይህን ያህል ዘመን እንዴት ተሰወረ? እጩ የሚኖረው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርድበትን ለስላሳ ክፍል እየበላ ጠመዝማዛ መንገድ ይቦረቡራል። ጎልማሳው የሚወጣበት ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ጥቃቱም ብዙውን ጊዜ ከላይኞቹ ቅርንጫፎች ስለሚጀምር መሬት ላይ ለቆመ ሰው አይታይም።

ግንደ ቆርቁር ግን ይደርስበታል። በብርዱ ወራት እጩን ፍለጋ የውጭውን ጠቆር ያለ ቅርፊት ሲልጥ፣ ከሥሩ ያለው ፈዛዛ ቀለም ይገለጣል። ቅጠል በረገፈበት ወቅት የደን ባለሙያዎች አንገታቸውን አቅንተው የሚፈልጉት ይህን ነጣ ያለ ልጣጭ ነው። ምልክቱ ጊዜ ይገዛል፤ ጥቃቱ ቀድሞ የታወቀበት ዛፍ በግንዱ በሚሰጥ ፀረ ተባይ ሊተርፍ ይችላል፤ ከግማሽ በላይ ቅርንጫፉ የሳሳበት ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ወፉ ብቻውን አያድንም፤ እጩን በብዛት ቢለቅምም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎች ደርቀዋል።

እርግጥ ሁሉም ቀዳዳ የሕመም ምልክት አይደለም። በዚያው አገር የዛፍ ፈሳሽ የሚጠጣ ሌላ የግንደ ቆርቁር ዝርያ አለ። እርሱ ጤነኛውንም ዛፍ ይበሳል፤ ጥልቀት የሌላቸውን ቀዳዳዎች በመስመር በመስመር ይደረድራል። (ለእርሱ ጥብቅና አልቆምኩም።)

ጢንዚዛው በ2003 እ.ኤ.አ. ከሚሺጋን በተጫነ ችግኝ ሜሪላንድ ገብቷል። ከመካከላችን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዘመድ ያለው ብዙ ነውና፣ ስትደውሉ ይህን ንገሩልኝ፦ ቀዳዳው በመስመር የተደረደረ ከሆነ መጥረቢያ አያንሱ፤ አሽ ዛፋቸው ከላይ ተልጦ ከነጣ ግን ወፉን ሳያባርሩ ባለሙያ ይጥሩ፤ ቅጠሉ እስኪሳሳም አይጠብቁ።