ራሱን የሚያርም መቆጣጠሪያና የባለሙያው ኃላፊነት



ይህ ንግግር የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ይኸውም ከስሕተቱ እየተማረ ራሱን የሚያርም መሣሪያ በተሠራ ጊዜ፣ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ይቀንሳልን ወይስ ይጨምራል? የሚል ነው። ጥያቄው የስታትስቲክስ፣ የቁጥጥር ሳይንስና የኮምፒዩተር ስሌት የሚገናኙበት ሲሆን፣ መልሱም ከፋብሪካ ወጪ አንሥቶ እስከ ሰው ሕይወት የሚደርስ ዋጋ አለው። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተራው መቆጣጠሪያ የሚሠራው በግብረ መልስ ነው። የተፈለገውን መጠን ከተለካው ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን አይቶ እርማት ይሰጣል። የእርማቱን ጥንካሬ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። እርማቱ ደካማ ከሆነ ስሕተቱ ሳይታረም ይሰነብታል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ መሣሪያው ከልኩ እያለፈና መልሶ እያጎደለ ይዋዥቃል። ችግሩ የሚብሰው ግን የሚቆጣጠሩት ነገር ራሱ ጠባዩን ሲለውጥ ነው። ያን ጊዜ ትናንት ልክ የነበረው ጥንካሬ ዛሬ ይበዛል፤ ነገ ደግሞ ያንሳል። ጥንካሬውን በራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ የወረቀት ምርት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በስዊድን የቢለሩድ ኩባንያ ከአይ ቢ ኤም ጋር በመተባበር የወረቀት ማምረቻ መኪናውን በኮምፒዩተር ማስተዳደር ጀመረ። በዚያ ሥራ የተካፈለው ካርል ዮሐን ኦስትሮም የገጠመው ችግር፣ የወረቀቱ ክብደት የሚለካው ወረቀቱ ረጅሙን መኪና አቋርጦ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነበር። ስለሆነም እርማቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መፍትሔው የዛሬውን ስሕተት ከማረም ይልቅ፣ ካለፉት ልኬቶች ተነሥቶ የሚመጣውን ስሕተት በስታትስቲክስ መተንበይና እርሱን አስቀድሞ ማረም ሆነ።

ጥቅሙን በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ገዢው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ከ100 ግራም እንዳያንስ ውል አስገባ እንበል። የክብደቱ መደበኛ መዋዠቅ 2 ግራም ከሆነና ፋብሪካው የዚህን እጥፍ ለጥንቃቄ ቢተው፣ አማካዩን በ104 ግራም ላይ ማቆየት ይኖርበታል። መዋዠቁ ወደ 1 ግራም ቢወርድ ግን 102 ይበቃዋል። በዚህም ውሉ ሳይጓደል ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ጥሬ ዕቃ ይተርፋል።

በ1973 ኦስትሮምና ብዮርን ቪተንማርክ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ባወጡት ጥናት መሠረት መቆጣጠሪያው የሚተነብይበትን ስሌት ራሱ ከልኬቶቹ ይማራል። አዲስ ንባብ በመጣ ቁጥር ግምቱን በጥቂቱ ያሻሽላል እንጂ ያለፈውን ሁሉ እንደገና አያሰላም፤ ስለዚህ ትንሽ ኮምፒዩተርም ይበቃዋል። የነገሩ ጠባይ ስለሚለወጥም አሮጌው መረጃ ቀስ በቀስ እንዲረሳ ይደረጋል። የእያንዳንዱ መረጃ ክብደት በየንባቡ በ0.99 ቢባዛ፣ ከ100 ንባብ በኋላ የሚቀረው 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ከመርሳት ላይ ነው። ሥራው ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ሲቆይ አዲስ ትምህርት አይገኝም፤ አሮጌው ግን መረሳቱን አያቋርጥም። መቆጣጠሪያው ምንም ያልተበላሸ እየመሰለ እውቀቱ ይሟጠጣል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ረብሻ ሲመጣ ግምቱ በአንድ ጊዜ ይናወጣል፤ እርማቱም ከልክ ያልፋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጸጥታ ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አለመሆኑን ነው።

ስለ ወሰን ከዚህ የከበደ ትምህርት የተገኘው ከአየር ላይ ነው። ኤክስ-15 የተባለው የአሜሪካ የሮኬት አውሮፕላን ከጥቅጥቅ አየር ተነሥቶ አየር እስከማይገኝበት ከፍታ ስለሚወጣ፣ በአንድ በረራ ውስጥ ጠባዩ ፈጽሞ ይለዋወጥ ነበር። በሦስተኛው አውሮፕላን ላይ ኤምኤች-96 የተባለ ራሱን የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ተተከለ። መሣሪያው የእርማቱን ጥንካሬ መዋዠቅ እስኪጀምር ድረስ ያሳድግና መልሶ ይቀንሳል። በታኅሣሥ 1961 መጀመሪያ የሞከረው ኒል አርምስትሮንግ ነበር። በ1963 ጆ ዎከር በዚሁ አውሮፕላን ወደ 108 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ በሰላም ተመለሰ።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ግን ማይክል አዳምስ ወደ 81 ኪሎ ሜትር ከወጣ በኋላ አውሮፕላኑ አቅጣጫውን ስቶ መሽከርከር ጀመረ። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ረብሻና የአብራሪው የመሣሪያ ንባብ መሳሳት ተደራርበዋል። በ36 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሽክርክሪቱ ቆመ። ይሁን እንጂ መቆጣጠሪያው ወዲያው በራሱ ውዝዋዜ ውስጥ ገባ። አየሩ እየጠነከረ ሲሄድ ጥንካሬውን መቀነስ ሲገባው፣ በዚያው ውዝዋዜ ተይዞ መቀነስ ተሳነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ አዳምስም ሞተ።

በ1982 ቻርልስ ሮርስና የሥራ ባልደረቦቹ፣ በጊዜው የነበሩት ስሌቶች በቀመር ውስጥ ያልገባ ጥቂት የመሣሪያ ጠባይ ቢገጥማቸው ሊናወጡ እንደሚችሉ አሳዩ። በወረቀት ላይ የቆመው ማረጋገጫ ትክክል ነበር፤ የተመሠረተበት ግምት ግን ከእውነተኛው መሣሪያ ጋር አልገጠመም።

ዛሬ በፋብሪካ የሚገኙ ብዙ የሙቀትና የግፊት መቆጣጠሪያዎች ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት ቁልፍ አላቸው። ቁልፉን የሚጫነው ባለሙያ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መወሰን ይገባዋል። አንደኛ፣ የእርማቱ ጥንካሬ ሊያልፈው የማይችል ከፍተኛና ዝቅተኛ ወሰን ይኑረው። ሁለተኛ፣ አዲስ መረጃ በማይኖርበት ጊዜ መማሩም መርሳቱም ይቁም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ሲሳሳት ሥራውን የሚረከብ ቀላልና የተፈተነ መቆጣጠሪያ በተጠንቀቅ ይጠብቅ፤ ማን መቼ እንደሚቀይረውም አስቀድሞ ይታወቅ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። መሣሪያው ጥንካሬውን ራሱ ሲመርጥ፣ መሐንዲሱ ቁጥር ከመምረጥ ይገላገላል፤ ወሰን ከማበጀት ግን አይገላገልም። ወሰኑንም የሚያበጀው ችግሩ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ ኃላፊነቱ ከቀድሞው የከበደ ነው።