ከሐይቃችን በታች ስላለው እሳት
(በሐዋሳ ከተማ ለሥራችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ ዙሪያውን ብትመለከቱ ከተማችን በትልቅ ሳሕን ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። ሳሕኑን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር በታች የነበረው ቅልጥ ዐለት በኃይል ፈንድቶ ሲወጣ፣ ከላይ ያለው መሬት ወደ ውስጥ ሰመጠ። እንዲህ ያለው ጎድጓዳ ካልዴራ ይባላል። ከከተማችን በስተ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ በዚሁ ሳሕን ውስጥ ሌላ ትንሽ ሳሕን አለ፤ እርሱም ኮርቤቲ ነው።

እሳተ ገሞራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አጥሚት ሲፈላ እንፋሎቱ በቀላሉ ይወጣል። ገንፎ ግን አየሩን አፍኖ ይይዝና በድንገት ፍንጥር ብሎ እጅ ያቃጥላል። በአፋር ያለው ኤርታሌ እንደ አጥሚቱ ነው፤ ቀጭኑ ቅልጥ ዐለት ርቆ ስለሚፈስ ተራራው ሰፊና ዝቅ ያለ ሆኗል። የኮርቤቲ ወፍራም ነው፣ እንደ ገንፎ። ጋዙ ታፍኖ ሲፈነዳ ዐለቱን አረፋ ያደርገዋል፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ከዚህ የመጣ ነው። ጋዙ ቀስ ብሎ ካመለጠ ግን ዐለቱ እየተንፏቀቀ ወጥቶ ባልጩት ይሆናል። በኮርቤቲ ውስጥ ጫቢ በተባለው ተራራ ላይ ባልጩት ሞልቷል።

የኮርቤቲ መሬት ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ላይ ሲያብጥ በሳተላይት ተለክቷል። ይህ ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ አብጦ ሳይፈነዳ የሚቀር ብዙ ነው። ቢሆንም በካልዴራው ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ፣ ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ።

ቢፈነዳ የሚያገኘን ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚፈራው የሚፈስሰውን እሳት ነው። ርቆ የሚደርሰው ግን አመዱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም። ከኤርታሌ ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ ያለ ዝቅ ያለ ተራራ ነውና እንደ አጥሚቱ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ተሳስቷል፤ የተራራ መልክ ብቻ አያስተማምንም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ። ሰው ሞተ አልተባለም። በአፍዴራ በኩል ግን የግጦሹን ሣር አመድ ሸፈነው፤ አርብቶ አደር ከብቱ የሚበላው ካጣ ምን ቀረው?

ይህ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፣ የተፈጨ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ የውኃ ዕቃ መክደን፣ ለከብት ከጣራ ሥር የተቀመጠ ድርቆሽ መያዝ ያስፈልጋል። ጣራ ላይ የተከመረውን ደግሞ ዝናብ ሳይመታው መጥረግ ነው፤ ከራሰ በኋላ ቆርቆሮውን ከነማገሩ ያወርደዋል።