ስለ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችና ስለ ሙሉ ሰውነት የተደረገ ንግግር



በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ስላለፉት ዘመናት ብዙ መልካም ነገር ተነግሯል። እኔ ግን የተሰጠኝን ጥቂት ጊዜ ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ስላጡት ልጆቻችን ለመናገር እወዳለሁ። እኛ ልጁ እንጀራ አጣ ብለን እናዝንለታለን። እርሱ ግን ያጣው ከእንጀራ የሚበልጥ ነገር፥ ይኸውም በሰው ፊት ሙሉ ሰው ሆኖ መቆም እንደ ሆነ ያስባል።

ሕግ ሰውን በዕድሜ ይለካል። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል። ሽማግሎቻችንም ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን መድረስ ይላሉ። ወጣቱን ራሱን ብትጠይቁት ግን መልሱ ከዕድሜ ጋራ አይገናኝም። ራሴን ስችል፥ እናቴን ስጦር፥ ሦስት ጕልቻ ስመሠርት፥ እንግዳ በቤቴ ስቀበል ያን ጊዜ ሰው እሆናለሁ ይላችኋል። እንግዲህ በእርሱ ዓይን ሙሉ ሰው መሆን ማለት ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት መሻገር ነው።

ቀድሞ የዚህ መሻገሪያ ድልድይ ትምህርት ነበረ። እስከ 1983 ዓ. ም. ድረስ በነበረው መንግሥት ከኮሌጅ የወጣ ሰው በመንግሥት ተመድቦ ሥራ ይይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ቤቱ በዝቷል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ሥራው የምስክር ወረቀቱን ያህል አልበዛም። ዳንኤል ሜይንስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረ ሰብ ተመራማሪ በጅማ ከተማ ከሥራ ፈላጊ ወጣቶች ጋራ ተቀምጦ ያጠናውን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 በመጽሐፍ አውጥቷል። የእነዚያ ወጣቶች ጭንቀት የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ቀኑ ይረዝምባቸዋል፤ ሥራ የሌለበት ቀን ሐሳብ ያበዛልና። ዛሬ ከትናንት ሳይለይ፥ ዓመቱም ለውጥ ሳያመጣ ሲያልፍ፥ ዕድሜ እየጨመረ ሰውነት ግን እዚያው እንደ ቆመ ይሰማቸዋል።

ታዲያ የተገኘውን ሁሉ ለምን አይሠሩም የሚል ይኖራል። በዚህ ነገር የእኛም አንደበት ተጠያቂ ነው። አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የተማረ ልጅ በሰፈሩ ድንጋይ ሲሸከም ቢታይ፥ ለዚህ ነው የተማረው? እንላለን። እርሱም ይሉኝታ ይይዘውና ይቀራል፤ ማንም በማያውቀው አገር ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። በከተሞቻችን ጐዳና ላይ የተነጠፈውን ጥርብ ድንጋይ፥ ኮብልስቶን የሚባለውን፥ ጠርበው ያነጠፉት ብዙዎች ወጣቶች ናቸው። በመንገዱ ደስ እያለን እንሄዳለን፤ የሠራውን ልጅ ግን የማን ልጅ እዚህ ደረሰ እያልን እናማዋለን።

ሴቶቹን ደግሞ አናያቸውም። ሥራ ያጣች ልጅ በእናቷ ቤት ስትጋግርና ስታጥብ ትውላለችና ሥራ ፈታች የሚላት የለም። ብዙዎቹም ይህን ለመሻገር ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። በ2006 ዓ. ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ሆና ታናናሾቿን ስታስተምር የነበረች ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ፥ ትናንት ሰጪ የነበረች ዛሬ ደግሞ ተቀባይ ትሆናለች።

መንግሥት በ2009 ዓ. ም. 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ የወጣቶች ፈንድ አቋቁሟል፤ በ2008 ዓ. ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ ሥራ ሰጥቷል። ሆኖም ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ብቻ ሲያልቅ ወላጅ መጦሪያና ጎጆ መውጫ አይተርፍም። ስለዚህ ሥራ የያዘውም ሁሉ ተሻግሯል ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ምእመናን ሊያቃኑት አይችሉም። ሦስት ነገር ግን በእጃችን ነው።

አንደኛ፥ ሥራ የፈታንና ሥራ ያጣን እንለይ። በወንጌል በወይኑ አትክልት ምሳሌ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በገበያ የቆሙት ሰዎች ለምን እንደ ቆሙ በተጠየቁ ጊዜ የሚቀጥራቸው እንዳጡ ተናገሩ። የአትክልቱ ጌታ አልዘለፋቸውም፤ ወደ ሥራው ሰደዳቸው፥ ዋጋቸውንም ሙሉ ሰጣቸው። እኛ ግን ሳንጠይቅ ቦዘኔ እንላለን።

ሁለተኛ፥ የሠርግን ወጪ እናቅልል። ቃል ኪዳን ድንኳንና ሰንጋ አያስፈልገውም፤ ሐሜታችንን የሚፈሩ ሁለት ልጆች ግን ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ብለው ዕድሜያቸውን ይፈጃሉ። በጥቂት ሰው ፊት የተጋባውን ከባለ ታላቅ ድግሱ አሳንሰን አንይ።

ሦስተኛ፥ የሚሰጡበትን ስፍራ እንስጣቸው። በሐዘን ቤት ድንኳን የሚተክለው፥ ወንበር የሚያመላልሰው፥ መቃብር የሚቈፍረው ወጣቱ ነው። የእድር አባልነት ግን በአብዛኛው በቤት ይቈጠራልና ጎጆ ያልወጣ ልጅ በመዝገብ ስሙ የለም። ጕልበቱን እንደ መዋጮ ቈጥረን ብንጽፈው፥ ሒሳብ የሚያውቀውን መዝገብ ብናስይዘው፥ በጉባኤም ብንሰማው ምን ይጐድልብናል? ይህ ስንፍናን ያበረታል የሚል ቢኖር፥ አደራ የተቀበለ ሰው ይተጋል እንጂ አይሰንፍም ብዬ እመልሳለሁ። ክብር ብቻውን እንጀራ እንዳይሆን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንጀራው እስኪገኝ ልጁ ተስፋ ቈርጦ እንዳይጠፋብን ይይዘዋል።

በብሉይ ዘመን ኢዮቤልዩ ርስቱን ያጣ ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። የወጣቶቻችን ርስት በመካከላችን ያለው ስፍራቸው ነው። በዓላችን ሲፈጸም እያንዳንዳችን በየሰፈራችንና በየእድራችን አንድ ልጅ በስሙ ጠርተን አንድ አደራ እንስጠው ብዬ እለምናችኋለሁ።