አሮጌ ሞተር ብስክሌትና የመብራት ሕግ፦ ከቦሎ ቀን ባሻገር

(በመራዊ ከተማ ለግብርናና ለጤና ባለሙያዎች፣ ለጋራዥ ሠራተኞችና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችሁ ደጅ አቁማችሁት ስለገባችሁት አሮጌ ሞተር ብስክሌት መብራት ነው። ጉዳዩን የመረጥሁት ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ፣ በባለ 6 ቮልት ሞተር ብስክሌት እመላለስ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አንድ አባት ድንገት ከፊቴ ተገኙ። ፍሬን ይዤ ከአስፋልቱ ወጣሁና ወደቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልተነኩም። አንሥተውኝ አቧራዬን እያራገፉ፣ «ልጄ፣ መብራትህንስ አይቼው ነበር፤ ባትሪ የያዘ እግረኛ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ያ ሞተር ብስክሌት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተመርምሮ ቦሎ ወስዶ ነበር። መርማሪው አልተሳሳተም፤ በቀን፣ ነዳጅ እየሰጠሁት ሲያየው መብራቱ በርቷል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራን ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ከሞተር ብስክሌት የፊት መብራት፣ ቀይ የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራትና ቀይ አንጸባራቂ ይጠይቃል። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ ሁለት ነው፤ ማየትና መታየት። «ይበራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ለሁለቱም አይበቃም።

በብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ዲናሞ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ይደበዝዛል። ከብት ወይም ጉድጓድ አይተን ቀስ ስንል፣ ብርሃን በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት፣ መብራቱ ይከዳናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ዝገት ነው። ባለ 25 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ከ4 አምፔር በላይ ይስባል። በዛገ የማሳ ማያያዣ ላይ 0.3 ኦም ብቻ ቢኖር ከ1 ቮልት በላይ እዚያው ይባክናል። ይህ ከጠቅላላው አምስተኛ ገደማ ነው፤ የፈትል አምፖሉ ግን የብርሃኑን ግማሽ ያህል ያጣል። በባለ 12 ቮልት ላይ ያው ዝገት የሚያደርሰው ጉዳት ያነሰ ነው።

ይህ በመንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሰከንድ ቢወስድበት 25 ሜትር ይሄዳል። በደረቅ አስፋልት ላይ መጠነኛ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ደግሞ 28 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በድምሩ 53 ሜትር። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 29 ሜትር ይበቃዋል። መብራቱ 30 ሜትር ብቻ የሚያሳየው ሰው ከ40 በላይ ሲነዳ ወደማያየው ነገር እየሄደ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የማሳውን ማያያዣና የአምፖሉን መቀመጫ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፤ አጥብቃችሁ ግራሶ ቀቡት። ቮልቱን በአምፖሉ ላይ፣ ሞተሩ በሚኒሞም ነዳጅ ሲሰጠውም ለኩ። የፍሬን መብራቱ በእጅም በእግርም ፍሬን መብራቱን አረጋግጡ። ቀዩን አንጸባራቂ አትናቁ፤ ባትሪው ቢሞትም ከኋላ በሚመጣ መኪና ብርሃን ይታያል።

ለፈትል አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ኃይለኛ ኤል ኢ ዲ መክተት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጥፋት ነው። ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል። አሽከርካሪው ተቀምጦ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ አጭሩን መብራት ሲያበራ ደማቁ ክፍል ከመብራቱ ቁመት በታች ማረፍ አለበት።

ውድ ታዳሚዎች፤ ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ ማምሻው ግን በየቀኑ ይመጣል። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ሞተራችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት በሚኒሞ አቁሙትና ከፊቱ ሃምሳ እርምጃ ርቃችሁ ተመልከቱት። ሞተር ብስክሌት መሆኑን መለየት ካልቻላችሁ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰውም አይለየውም።