የጾም ፒዛና የጋራ ገበታ



ዛሬ የምናገረው ስለ ፒዛ ነው። ስለ ሆድ ጉዳይ በራዲዮ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፣ በድሬዳዋ ስሠራ የደረሰብኝን አስቀድሞ ይስማና ከዚያ ይፍረድ።

አንድ ባልደረባችን ወደ ሌላ ከተማ በመዛወሩ ገንዘብ አዋጥተን ፒዛ እንድንሸኘው ተስማማን። የማዘዙን ሥራ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ፤ ተሸኚውን ለማክበር ብዬም ሥጋና አይብ የበዛበትን መረጥሁ። ነገር ግን ቀኑ ዓርብ ኖሮ ክርስቲያኖቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ ስላልታወቀ ሙስሊሞቹም እንዲሁ አደረጉ። ተሸኚው ራሱ ለስላሳ ብቻ ጠጥቶ ተነሣ። «አቦ፣ ግድ የለም ወንድሜ» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቢያደርገኝም፣ ኀፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ከባሕር ማዶም ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ተጎራብተው ኖረውባታል። በእንዲህ ያለች ከተማ ምን እንበላ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንበላ የሚለውም ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

በስስ ሊጥ ላይ ሌላ ነገር ጨምሮ መብላት ለድሬዳዋ ሰው አዲስ አይደለም። ፈጢራን የማያውቅ ማን ነው? ሊጡ እስኪያሳይ ድረስ ሳስቶ በጋለ ብረት ላይ ይዘረጋል፤ ዕንቁላል ይገባበታል፤ ይታጠፋል፤ ማርም ይፈስበታል። ዕንቁላልና ማር ምን አገናኛቸው ብሎ የሚከራከር ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ ፒዛ ሲሆን ግን ክርክሩ ይበዛል። በአገራችን ምግብ ቤቶች የተለመደውን የጾም ፒዛ፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ብቻ ያለበትን፣ «አይብ ከሌለው ምኑን ፒዛ ሆነ?» እያሉ የሚያፌዙ አሉ። እነዚህ ሰዎች የፒዛ አገር ወደ ሆነችው ወደ ናፖሊ ቢሄዱ ይደነቃሉ። እዚያ ከጥንት ከሚታወቁት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ማሪናራ የሚባለው ሲሆን፣ ያለበትም ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው እንጂ አይብ የለበትም። ናፖሊታኖቹ ሳያስቡት ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆን አዘጋጅተውልናል ማለት ነው።

የአናናሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሳም ፓኖፑሎስ የተባለ፣ ግሪክ ተወልዶ በካናዳ ምግብ ቤት የነበረው ሰው፣ ከቆርቆሮ የወጣ አናናስ ከአሳማ ሥጋ ጋር በፒዛ ላይ ጨመረ፤ «ሐዋይ» ብሎም ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአይስላንድ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑ ቢኖራቸው አናናስን ከፒዛ ላይ እንደሚከለክሉ ለተማሪዎች በቀልድ ተናግረው ዓለምን አነጋገሩ። በእኛ ዘንድ ግን የሚነቀፈው ተገላቢጦሽ ነው፤ አሳማውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም፣ አናናሱ ግን ለጾም ይፈቀዳል። እኔ በበኩሌ አናናስን ከምግብ በኋላ ብቻውን ብበላው እመርጣለሁ።

ከዚያ መሸኛ በኋላ ሌላ ባልደረባ ሲዛወር ማዘዙን እንደ ገና ለመንሁ፤ እየሳቁ ሰጡኝ። በዚህ ጊዜ ወደ ከዚራ ራሴ ሄጄ፣ ሊጡ ወተት ወይም ቅቤ እንደሌለበት፣ መቁረጫውም ሥጋ ያልነካ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ጋጋሪው መጠየቄን አልጠላውም፤ ቢላዋውን በፊቴ አጠበልኝ። አትክልት ብቻ አስደርጌ፣ አዋዜ ለብቻው በሳሕን አስያዝሁ። ድንቹ በዝቷል ብለው ያጉረመረሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ሁሉም ግን ከአንዱ ገበታ ቆረሱ። ተሸኚዋም የመጨረሻውን ቁራሽ ለእኔ አጎረሰችኝ፤ አዋዜውን ስላበዛችው ዓይኔ እንባ አቀረረ።