ለተሰበረው ማን ይክፈል? የጉዝጓዝ ታሪክ ከአሞሌ እስከ ማንጎ



ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ቁም ነገር ብሎ ስለማይቆጥረው ነገር ነው። ዕቃ እንዳይሰበር፣ ፍሬ እንዳይበልዝ በመካከል የምናስገባው ልስላሴ አለ። ገለባው፣ ጨርቁ፣ ኮባው፣ ካርቶኑ፣ ስፖንጁ፣ በአየር የተነፋው ላስቲክ ሁሉ ሥራው አንድ ስለሆነ በአንድ ስም ጉዝጓዝ እያልኩ እጠራዋለሁ። ዕቃው ሲደርስ ተገፎ የሚጣል በመሆኑ ታሪኩን የሚጽፍለት ጥቂት ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እዚህ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ሸርቆሌ ገበያ ዳር ቆማችሁ ሁለት ጭነት አስተያዩ። አንደኛው የለስላሳ መጠጥ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ አሶሳ እስኪገባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይንገላታል፤ ከዚያም ወደ እኛ ይመጣል። ጠርሙሱ ብርጭቆ ነው፤ ሆኖም ደኅና ይደርሳል። ሁለተኛው ጭነት በዚያው መንገድ ወደ ላይ የሚሄደው ማንጎ ነው። መሬት ላይ ብትጥሉት እንደ ጠርሙስ አይፈረካከስም፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን የታችኛው ረድፍ ጭማቂ ሆኖ ከረጢቱን አርሶታል። ጠርሙሱን ያተረፈው የጉድጓዱ ማነስ ወይም የሾፌሩ ጥንቃቄ አይደለም። ሳጥኑም ባዶ ጠርሙሱም የፋብሪካው ናቸው፤ ነጋዴው ማስያዣ ከፍሎባቸዋል፤ አንዱ ቢሰበር ዕዳው የማን እንደሆነ ከጫኙ እስከ ባለሱቁ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለያንዳንዱ ጠርሙስ የየራሱ ቤት ያለው ሳጥን አስቦለታል። ወደ ማንጎው ኋላ እመለሳለሁ።

የጉዝጓዝ ዘዴና ማሽን እንዲያው ዕቃ በተሰበረበት ሁሉ አልተፈለሰፈም። ለተሰበረው የሚከፍለው ሰው ቁልጭ ብሎ በታወቀበት ቦታ ተፈለሰፈ። ይህን ለማሳየት ከራሳችን አገር ልጀምር።

የቤኒሻንጉል ስም በሩቅ የተሰማው በወርቅ ነው። በ1898 ግድም በራስ መኮንን ዘመቻ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች በኋላም በአካባቢው ገዢ በሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ዘመን ግብሯ ወርቅ ነበር። ወርቅ ግን ለዛሬው ጉዳያችን መጥፎ አስተማሪ ነው። ቢወድቅ አይሰበርም፤ የሚያስፈራው መፍሰሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ወሰን የነበሩ ነጋዴዎች የወርቁን ዱቄት በትልልቅ አሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ ከትተው ጫፉን ይደፍኑት ነበር። ከከፋና ከእናርያ የሚወጣው ዝባድም እንዲሁ በቀንድ ታሽጎ ነበር የሚጓዘው። ሁለቱም የማሸግ ብልኃት ናቸው፤ የጉዝጓዝ ግን አይደሉም።

ጉዝጓዝ የጠየቀው አሞሌ ነው። ከአፋር ምድር የሚቆረጠው የጨው አሞሌ እስከ ምዕራቡ ጠረፍ ድረስ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል፤ ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የተሰነጠቀ አሞሌ ግን በሙሉ ዋጋ የሚቀበለው የለም። ገንዘባችሁ በበቅሎ ጀርባ ላይ እየተጋጨ ለሁለት የሚከፈል ቢሆን ምን ታደርጉ ነበር? ነጋዴዎቹ በዘንባባና በልጥ ገመድ ዙሪያውን ይጠፍሩት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መሰበሩና በእርጥበት መሟሟቱ ጨርሶ አልቀረም። ኪሳራው በቀጥታ የያዢው ስለነበር የጠፈረው ያው ያዢው ነው።

በደጋው ደግሞ አገልግል አለ። ውስጡ የተሠፋ ሣር፣ ላዩ ቆዳ ነው፤ ቆዳው የውጭውን ግጭት ይችላል፣ ሣሩ እየተለመጠ ከውስጥ ያለውን ምግብ ያሳርፋል። የብራና መጻሕፍትም ከእንጨት ገበታቸውና ከቆዳ ልባሳቸው ሌላ ማንገቻ ያለው ማኅደር ተሠርቶላቸዋል። አንድ ዳዊት ስንት ፍየል እንደሚፈጅና ጸሐፊውን ስንት ወር እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው ነው ማኅደሩን ያሰፋው። ደብተራው መጽሐፉን በትከሻው አንጠልጥሎ ወንዝ ሲሻገር ማንም «ጉዝጓዙን የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ባለቤቱም ተሸካሚውም እሱው ነበርና።

ነገሩ የሚወሳሰበው ዕቃውን የሚያመርተው አንድ፣ የሚጭነው ሌላ፣ የሚገዛው ሦስተኛ ሰው ሲሆን ነው። አሜሪካና አውሮፓ በ19ኛው መቶ ዘመን የገቡበት ችግር ይኸው ነው። ባቡር መጣ፤ ፋብሪካ ብርጭቆና የመብራት ማሾ በብዛት ማምረት ጀመረ፤ ገዢው ሠሪውን አያውቀውም። ያኔ የነበረው ጉዝጓዝ ገለባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ነበር። ገለባ ይረጥባል፣ አይጥ ያስገባል፣ መንገድ ላይ ደግሞ እየተረገጠ ወደ ታች ይሰበሰብና ላይኛው ዕቃ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል።

መፍትሔው ከባርኔጣ ቤት መጣ። በ1856 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ሂሊና አለን፣ ወረቀትን በሞገድ መልክ ለማጠፍ የፈጠራ መብት አወጡ፤ ዓላማቸው የረጅም ባርኔጣ ውስጥ ገበር ነበር፤ ስለ ጭነት አላሰቡም። በ1871 አልበርት ጆንስ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ይህንኑ ሞገደኛ ወረቀት ለጠርሙስና ለማሾ መጠቅለያ እንዲሆን አስመዘገበው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኦሊቨር ሎንግ ሞገዱ እንዳይዘረጋ ለስላሳ ወረቀት ለጠፈበት። ሥራውን በብዛት የሚያካሂደው ማሽንም በዚያው ዘመን ተሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ጥቅሎች እርስ በርስ ተናክሰው ይዞራሉ፤ በእንፋሎት የሞቀው ወረቀት በመካከላቸው ሲያልፍ ይሸበሸባል፤ የሽብሽቡ ጫፍ የስታርች ሙጫ ይቀባና ሌላ ወረቀት ይለጠፍበታል። ዛሬ ካርቶን የሚሠሩት ግዙፍ ፋብሪካዎችም በመሠረቱ ከዚህ አልወጡም። ሎንግ ያሻሻለውን የጆንስን ወረቀት ማየት የሚፈልግ ሰው ሙዚየም መሄድ አያስፈልገውም። ከሆለታና ከባቱ ወደ ውጭ የሚላከውን ጽጌረዳ ይመልከት፤ የአበባው ራስ የሚጠቀለለው በአንድ ፊቱ ለስላሳ፣ በሌላው ፊቱ ሞገደኛ በሆነ በዚያው ወረቀት ነው። አበባው በጨረታ የሚሸጥ ነው፤ የበለዘ ቅጠል ዋጋውን ወዲያው ይቀንሰዋል፤ ቅናሹም የሚደርሰው እዚያው አምራቹ ዘንድ ነው።

ካርቶኑ ግን ገበያውን በቀላሉ አልያዘም። የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች የለመዱት የእንጨት ሳጥን ነበር። በወረቀት ሳጥን የመጣውን ዕቃ «ይሰበርብናል፣ ካሣ ያስከፍለናል» እያሉ ከፍ ያለ የጭነት ዋጋ ይጠይቁበት ነበር። በሎስ አንጀለስ ፕሪድሃም የተባለ ሳጥን አምራች ከሰሰ፤ በ1914 የአሜሪካ የክፍለ ግዛቶች የእርስ በርስ ንግድ ኮሚሽን አድልዎው ይቅር ብሎ ወሰነ። እኔ ከየትኛውም ማሽን በላይ ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ውሳኔው የወረቀቱን ጥንካሬ አልጨመረውም፤ ግን ካርቶን የተወሰነ ጉልበት ካለው አጓጓዡ ሊያገልለው እንደማይችል አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የሳጥን ሠሪዎች የካርቶናቸውን ጉልበት በክብ ማኅተም ግርጌው ላይ ማተም ጀመሩ። ከአሜሪካ በሚመጡ ብዙ ካርቶኖች ላይ ዛሬም አለ፤ የዘይት ካርቶን ስትከፍቱ ገልብጣችሁ ፈልጉት። እንደ ጌጥ የምናየው ያ ክብ ጽሑፍ ኃላፊነትን የሚወስን ቃል ነው።

በእንቁላሉ ታሪክ ደግሞ ጠቡ ራሱ ለተሰበረው ማን ይክፈል የሚል ነበር። በ1911 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንድ የሆቴል ባለቤትና አንድ ገበሬ ተጣሉ፤ እንቁላሉ እየተሰበረ ይደርሳል፣ ጥፋቱን አንዱ ባንዱ ያላክካል። ጠቡን የሰማው ጆሴፍ ኮይል የተባለ የአካባቢው ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። እሱም ለያንዳንዱ እንቁላል የየራሱ ጎጆ ያለው የወረቀት ማስቀመጫ ሠራ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ግራጫው ትሪ ግን የሌላ ዘዴ ልጅ ነው። ያገለገለ ወረቀት በውኃ ተዘፍዝፎ እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ወንፊት የለበሰ ቅርጽ ወደ ሊጡ ይነከራል፤ ከኋላው አየር ሲሳብ ውኃው ያልፍና ቃጫው ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ይደርቃል። ሙጫ የለ፣ ፕላስቲክ የለ። ይህን በልቡናችሁ ያዙልኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው የሚሠራው በግምት ነበር። ጉዝጓዝን ወደ ሂሳብ ያመጣው ሬይመንድ ሚንድሊን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበር፤ የሬዲዮ የብርጭቆ ቱቦ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ መሥራት አለበት። በ1945 በቤል ቤተ ሙከራ የቴክኒክ መጽሔት ባወጣው ረጅም ጽሑፍ የጉዝጓዝን ጠባይ በቀመር አስቀመጠ። ፍሬ ነገሩን ያለ ቀመር ልንገራችሁ። ከ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ በ3 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም፣ በአማካይ የራሱን ክብደት 25 እጥፍ ያህል ኃይል ያርፍበታል። ጉዝጓዙ ቀርቶ በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም 250 እጥፍ ይሆናል። ውፍረት ብቻውን ግን አያድንም። ጉዝጓዙ በጣም ከለሰለሰ ዕቃው ሰርጎ ወለሉን ይመታል፤ በጣም ከጠነከረ ራሱ ወለል ይሆናል። ማንጎ የሞላበት ከረጢት ከትከሻ ወደ መኪና ሲወረወር ለታችኛው ማንጎ ጉዝጓዙ ምን እንደሆነ አስቡ፤ ሌላ ማንጎ ነው።

የፕላስቲኩን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ቴሌቪዥን የሚታቀፈው ነጭ ፎም በ1950 አካባቢ በጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ የተገኘ ነው፤ ትናንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች በእንፋሎት ሲሞቁ ብዙ እጥፍ ያብጣሉ። ልጆች እየጨመቁ የሚያፈነዱት ባለአረፋ ላስቲክ በ1957 በኒው ጀርዚ ተወለደ። አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን ሁለት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ በሙቀት አጣብቀው የግድግዳ ወረቀት ሊሠሩ ነበር ያሰቡት፤ የገዛቸው የለም። ቀጥሎ ለአትክልት ማሳደጊያ ቤት ብለው ሞከሩት፤ ያም አልሆነም። በ1960 ሲልድ ኤር የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛቸውም አይቢኤም ሆነ፤ 1401 የተባለውን ውድ ኮምፒውተር ወደ ደንበኞቹ ሲልክ ለተሰበረው ከፋዩ ራሱ እንደሆነ አልጠፋውም። ለግድግዳም ለአትክልት ቤትም ላልሆነው ላስቲክ የሚከፍለው ሰው ያን ጊዜ ተገኘ።

አሁን ወደ ማንጎው። አሶሳና አካባቢዋ በማንጎ የታወቁ ናቸው። ዛፉ አብዛኛው ከዘር የበቀለና ረጅም ስለሆነ ፍሬው በእንጨት ተመትቶ ወይም ቅርንጫፉ ተነቅንቆ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ስብራት እዚያው ነው። የበለዘ ማንጎ ቶሎ እንዲበስል የሚያደርግ ጋዝ ያወጣል፤ አጠገቡ ያለውን ጤነኛም ይዞት ይበስላል። ነጋዴው በዓይኑ ገምቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይገዛል፤ መንገድ ላይ የሚበላሸውን አስቀድሞ ቀንሶ ነው ዋጋ የሚጠራው። በዚህ ሂሳብ ለበለዘው ማንጎ ገበሬው ፍሬው ገና ከዛፉ ሳይወርድ ከፍሏል። ነጋዴው አልከሠረም፤ ሾፌሩ አይጠየቅም፤ ከፋዩ ደግሞ መኪናው ላይ የለም። እንግዲህ ለጉዝጓዝ የሚጨነቀው ማን ነው?

ካርቶን እናምጣ የሚል አለ። ማንጎው የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ እርጥበት የጠጣ ካርቶን ደግሞ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ሲደራረብ ታችኛው ይንኮታኮታል። ፎም እናምጣ የሚል ደግሞ ለአየር የመኪና ኪራይ ሊከፍል ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ ፎም አብዛኛው አየር ነው። በውጭ አገር ይህንኑ ስላዩ ላስቲኩን ሳይነፋ በጥቅል ልከው፣ እዚያው ማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ማሽን መንፋት ጀምረዋል። የሚያዋጣው ጉዝጓዝ በቦታው የሚሠራው ነው።

በቦታው ያለን ደግሞ ሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርቀሃ ነው። የአገራችን የቀርቀሃ ሀብት ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኛው የቆላው ዓይነት ሲሆን ሰፊ ድርሻው በዚህ ክልል ይገኛል። የዚህ አካባቢ ሰው ሽመል ሰንጥቆ መሥራትን ማንም እንዲያስተምረው አይጠብቅም። ቻይኖች የቀርቀሃንና የሸንኮራ አገዳ ገለባን ቃጫ ቅድም ባልኳችሁ የእንቁላል ትሪ ዘዴ እያፈሰሱ የፍሬ ማስቀመጫ ያደርጉታል። አገዳው በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ አለ፤ ሽመሉ እዚህ። ማሽኑ ግን ውኃ፣ ኤሌክትሪክና የማያቋርጥ ገበያ ይፈልጋል፤ ነገ ይመጣል ብዬ አላታልላችሁም። ቅርጫት ግን ዛሬም ይቻላል። ጥልቀቱ ከሦስት ረድፍ ማንጎ ባይበልጥ፣ የስንጥቁ ሹል ጫፍ ወደ ውጭ ቢታጠፍ፣ ከታችና ከጎን ደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝ፣ ሲደራረብ ክብደቱ በቅርጫቱ ጠርዝ እንጂ በፍሬው ላይ ባያርፍ፣ የሚንድሊን ሂሳብ የሚጠይቀውን አብዛኛውን ያሟላል።

የሚቀረው የለስላሳው ሳጥን የመለሰው ጥያቄ ነው። ቅርጫቱ የማን ንብረት ይሁን? ገበሬው ከሸጠው ነጋዴው አዲስ አበባ ላይ ይጥለዋል፤ ነጋዴው ከገዛው ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት መያዙን እንጃ። የገበሬዎቹ ማኅበር ባለቤት ሆኖ ማስያዣ ቢቀበልስ? ባዶው ቅርጫት እርስ በርሱ ገብቶ ከአዲስ አበባ ሲመለስ የጭነቱን ሂሳብ ማን ይችላል? እዚህ መካከላችን ማንጎ የሚሸጡም የሚጭኑም ስላሉ የቀረውን ጊዜ ለእነሱ ልልቀቅ።